መጀመሪያ ወንበሩን ትጨርስ

«የቀበሌው ተክላይ ጨርሶልናል። የእሷ ስም ወጥቷል፤ በቦታው የሙሽራዋ ይገባል። ስድስት ነበርን፣ ስድስት እንሆናለን።»

አልጋነሽ ይህን የሰማችው በሟች አባቷ ፔጆ ውስጥ፣ በፊተኛውና በኋለኛው ወንበር መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ በጎኗ ተኝታ ነው። ቀኝ እጇን እስከ ትከሻዋ ከወንበሩ ሥር አስገብታ የአዲሱን የወንበር ልብስ ላስቲክ ከስፕሪንጉ ሽቦ ጋር ልታያይዝ ትታገል ነበር። ሁለት ሜንጦ፣ ትንንሽ የሽቦ መንጠቆ፣ በጥርሷ ነክሳለች። የተናገረችው የወንድሟ ሚስት አክበረት ናት። ድምጿ የመጣው ከበረንዳው ደረጃ ላይ፣ ከመኪናው አምስት እርምጃ ከማይርቅ ቦታ ሲሆን፣ የመኪናው አራቱም መስኮቶች ለነፋስ ተብሎ ወርደዋል። ቁርስ ላይ «ሜንጦ አንሶኛል፤ ራስ መኮንን ድልድይ ወርጄ ገዝቼ እመጣለሁ» ብላ ነበርና ባልና ሚስቱ የሄደች መስሏቸዋል። እሷ ግን ያለውን ልጨርስና እሄዳለሁ ብላ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገብታለች።

«መቼ እንንገራት?» አለ ወንድሟ መድኃኔ።

«ከሰርጉ በኋላ ነዋ! አሁን ብትነግራት ይሄን ማን ይጨርሰዋል? መጀመሪያ ወንበሩን ትጨርስ። ድግሱም አለ። ሰርጉ ይለፍና ደብረ ብርሃን አክስታችሁ ዘንድ ትሄዳለች። አሮጊቷም እኮ ሰው ይፈልጋሉ።»

አልጋነሽ ወንድሟ አንድ ነገር እንዲናገር ነበር የምትጠብቀው። ክብሪት ሲጫር ሰማች፤ የሲጋራ ሽታ በመስኮቱ ገባ።

«ደብረ ብርሃንን አታውቀውም እኮ» አለ መድኃኔ በመጨረሻ።

«ትለምደዋለቻ።»

የአክበረት ነጠላ ጫማ በሳንቃው ወለል ላይ እየተንኳኳ ወደ ቤት ገባ፤ የመድኃኔ እርምጃ ደግሞ በግቢው በር በኩል ወጣ። አልጋነሽ ከጥርሷ አንዱን ሜንጦ አውጥታ ላስቲኩን ሳበችና አያያዘችው። ሁለተኛውንም አያያዘች። ለምን ቶሎ እንዳልተነሣች ለራሷም አልገባትም፤ ምናልባት ከተነሣች የሰማችው ነገር እውነት የሚሆን መስሏት ይሆናል። ከጣሪያው ጨርቅ ላይ አንዲት ዝንብ ትሄዳለች። ከአጥር ወዲያ የጎረቤት ሬድዮ ስለ ቡና ምርት ዕቅድ ያነባል። የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ በዚህ ግቢ ተወልዳ፣ ከዚህ ግቢ ውጪ ሌሊት አድራ የምታውቀው አባቷ ሆስፒታል በተኛባቸው ሃያ አንድ ቀናት ብቻ ነው። «አታውቀውም እኮ።» ወንድሟ ስለ እሷ የተከራከረው ይህን ታህል ነበር።

የወንበር ልብሱን መድኃኔ ከመርካቶ ነበር ተሰፍቶ ያለቀ የገዛው። ነጋዴው «ለማንኛውም መኪና ይሆናል» ብሎ መርቆ ሸጠለት፤ ቤት መጥቶ ሲሞከር ለፊያት የተሰፋ ሆኖ ተገኘ። በፔጆው ወንበር ላይ ሲያለብሱት የታናሽ እህትን ቀሚስ የለበሰች ታላቅ እህት መሰለ፤ ከላይ ሲጎትቱት ከታች ይጎድላል፣ ከታች ሲያወርዱት ትከሻው ይገለጣል። የመድኃኔና የአክበረት ልጅ የዓምደሚካኤል ሰርግ ቀኑ ሲቃረብ፣ ሚዜዎቹ የሚሄዱበት መኪና ስፖንጁ በተሰነጠቀው አሮጌ የወንበር ልብስ እየሾለከ እንዴት ይወጣል ብለው ተጨነቁ። አልጋነሽ ለሦስት ምሽት ስፌቱን ፈትታ፣ ከአሮጌ መጋረጃ በተረፈ ጥቁር ቀይ ከፋይ አስፋፍታ፣ በሲንጀሯ እንደገና ገጠመችው። ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ ፒያሳ በነበሩ አንዲት አርመን ሴት የልብስ ስፌት ቤት ነው። ሴትዮዋ ሱቁን ዘግተው ከአገር የወጡ ጊዜ አባቷ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ እሷም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባቷን እያገላበጠች፣ እያጠበችና እያጎረሰች ኖረች። አባታቸው አቶ ገብረዮሐንስ ካረፉ ገና ዓመት ከሦስት ወራቸው ነው።

ከመኪናው ስትወጣ አክበረት እጇን እየጠረገች በረንዳው ላይ ብቅ አለች። አይታት ክው አለች።

«እትዬ! ድልድይ የወረዱ መስሎኝ!»

«አሁን ልሄድ ነው» አለች አልጋነሽ። እጇ እስከ ክርኗ በግራሶ ጠቁሯል።

አክበረት መኪናውን አየች፣ የተከፈተውን መስኮት አየች፣ ከዚያ የበረንዳውን ደረጃ አየች። ርቀቱን የምትለካ ትመስል ነበር። ግን ሴትየዋ ሰርግ አለባት፤ ሰርግ ያለበት ሰው ለመደንገጥ ጊዜ የለውም። ወደ ውስጥ ገብታ የራሽን ካርዱን ይዛ ተመለሰች። «እንግዲያውስ ሲመለሱ ኅብረት ሱቅ ጎራ ይበሉ፤ ስኳር መጥቷል አሉ» አለቻት። አልጋነሽ ካርዱን ተቀብላ ነጠላዋን ለበሰች። መንገድ ላይ ገልጣ አየችው። የቤተሰብ ብዛት፦ ስድስት። ቁጥሩ ያው ነው፤ ስድስተኛዋ ሌላ ሰው ሆናለች እንጂ።

ቅዳሜ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ክፍት ነውና በመጀመሪያ ወደዚያ ሄደች። ቤቱ ቀድሞ የአንድ የአደሬ ነጋዴ ሳሎን ነበር፤ አሁን በሚያምረው የእብነ በረድ ወለል ላይ ሁለት የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰበረ ማባዣ ማሽንና ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። ጸሐፊው ተክላይ ካኪ ለባሽ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ደግ ሰው ነው አይባልም፤ ክፉም አይባልም። መዝገብ እንዲስተካከልለት የሚወድ ሰው ነው። አልጋነሽ ከአንድ ዓመት በፊት የሱሪውን ዚፕ ቀይራለት ስለነበር ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት።

«እትዬ አልጋነሽ! እርስዎ እኮ ክፍለ ሀገር ተዛውረዋል» አላት፣ እንደ ቀልድ አድርጎ።

«ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ።»

«መዝገቡ ላይ ማለቴ ነው።»

መዝገቡን ገልጦ አሳያት። በስሟ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከጎኑ በደቃቅ ጽሕፈት «ወደ ሸዋ ክ/ሀገር የተዛወረች» ይላል፤ ከሥሩ የወንድሟ ፊርማ አለ። የመድኃኔን ፊርማ ታውቀዋለች፤ ተማሪ ሳለ በደብተሯ ጀርባ ላይ ሲለማመደው አይታለች። መስመሩ ምንም አልተንጋደደም። ይህ ከሁሉም በላይ ገረማት፤ ሰውን ከቤት ሲያወጡ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል ብላ ታስብ ነበር።

«እንዴት ነው የሚመለሰው?»

«የቤተሰቡ ኃላፊ ራሱ መጥቶ ይፈርማል። አዲስ ሰው መጨመር ግን ቆሟል፤ ሙሽራዋም የገባችው በእርስዎ ቦታ ነው።» ተክላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደፊት አዘነበለ። «ሌላም መንገድ አለ። የሚኖሩባት ክፍል በሯ ለብቻ ነው አይደል? ኪራይ ይቀበሉዎት ነበር?»

«ማን?»

«ወንድምዎ። አዎ ካሉኝ ክፍሏ ትርፍ ቤት ናት፤ የመንግሥት ትሆናለች። እኛ ደግሞ ለእርስዎ በአምስት ብር እናከራይዎታለን። በራስዎ ስም፣ በራስዎ ካርድ። ማንም አያስወጣዎትም።»

አልጋነሽ ጣቶቿን ተመለከተች። ግራሶው በጥፍሯ ሥር ቀርቷል። አምስት ብር። ካርዱ ላይ «የቤተሰብ ብዛት፦ አንድ» ተብሎ ሲጻፍ ታያት።

«ከአባቴ ቤት ኪራይ ከፍዬ አላውቅም» አለች።

«እኔ ሲከፍሉ አላየሁም፤ ሳይከፍሉም አላየሁም። እርስዎ ያሉኝን ነው የምጽፈው።» ብዕሩን ከጆሮው ላይ አንሥቶ መልሶ ሰካው። «እስከ ሰኞ ያስቡበት።»

ከዚያ ወጥታ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረደች። ፒያሳ ቅዳሜ ጠዋት እንደሁልጊዜው ነው። ወርቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት ሙሽራና እናቷ፣ ሙሽራና አክስቷ፣ ሙሽራና ጓደኛዋ እየተሳሳቁ መስተዋት ላይ ይደገፋሉ፤ ጥር ነውና ከተማው ሙሉ ሲያገባ የሚውል ይመስላል። ከአንድ ኬክ ቤት በር ላይ የማኪያቶ ማሽን ይተነፍሳል። አንድ ጎረምሳ «እናት ዓለም፣ ግራሶ ነው ሂና?» ብሎ በእጇ ላይ ቀለደ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አታጣም ነበር፤ የአራዳ ልጅ ናት። ዛሬ ግን እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገብታ አለፈች። በእግረኛው ግፊያ መካከል ስትሄድ አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ነው የሚሄደው። ዳቦ የያዘውም፣ ኬሻ የተሸከመውም፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠውም፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ መዝገብ አለው።

የሸምሰዲን ሱቅ ከድልድዩ በታች ነው። ሸምሰዲን የወሎ ሰው ናቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ በዚያች ከመደርደሪያና ከስፖንጅ ክምር በተረፈች ቦታ ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት የመኪና ወንበር ያለበሱ። የላስቲክ፣ የማጣበቂያና የቆዳ ሽታ ከበሩ ይቀበላል። አልጋነሽ አንድ ደርዘን ሜንጦ ጠየቀች።

«ደርዘኑ ሁለት ብር ሆኗል፤ አትቆጪኝ» አሉ። «ለየትኛው መኪና ነው?»

«ለፔጆ 404፣ ጋሼ ሸምሰዲን። ከፊያት ላይ የተለወጠ ነው። የኋላውን ጨርሻለሁ፤ የፊቱ ይቀረኛል።»

«ከመሃል ጀምሪ። ሰው ሁሉ ከዳር ይጀምርና ሲሸበሸብበት ጨርቁን ይሰድባል። መሃሉን አስቀምጠሽ ወደ ዳር እየገፋሽ ሂጂ።» እጃቸውን በአየር ላይ እየዘረጉ አሳዩዋት። ከዚያም ቦርሳዋ ውስጥ ለመለኪያ የያዘችውን ቁራጭ ተቀብለው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። መነጽራቸውን አውርደው እንደገና ዳሰሱ። «ይሄን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊቷን አዩ። «ምሳ በልተሻል?»

በዚያን ቀን ስለ ራሷ የተጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። አልጋነሽ ዐይኗ ሞላ። ሸምሰዲን ወዲያው ፊታቸውን አዙረው ሜንጦ መቁጠር ጀመሩ፤ አሥራ ሁለት ሜንጦ ለመቁጠር ከሚያስፈልገው ጊዜ ሦስት እጥፍ ወሰዱ፤ ተሳሳትኩ ብለውም ከአንድ ጀመሩ። በሰላም የምታለቅስበትን ያህል ጊዜ ሰጥተው በጋዜጣ ጠቀለሉላትና፣ ከትንሿ ቴርሞሳቸው ሻይ ቀድተው ከግማሽ ዳቦ ጋር ፊቷ አኖሩላት።

«የላዳ ወንበር ሁለት ይዣለሁ» አሉ እሷን ሳያዩ። «ዐይኔ ክር አላስገባ ብሏል። ማሽን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሒሳቡን በየወንበሩ እንዋዋላለን።»

«ከሰርጉ በኋላ...» ስትል የራሷ ቃል በጆሮዋ ተመልሶ መጣባት። ከሰርጉ በኋላ። ዳቦውን አስቀመጠች። «የለም ጋሼ፣ ሰኞ እመጣለሁ» አለች።

ኅብረት ሱቅ አርባ ደቂቃ ተሰለፈች። ሻጩ ካርዱን አይቶ «ስድስት ሰው!» ብሎ ጮኸና ሦስት ኪሎ ስኳር ሰፈረላት። ሽቅብ ይዛው ስትወጣ ሰባ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ አረፈች።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። አክበረት ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ይዛ ጸጉር ልታሠራ ሄዳለች። አልጋነሽ የፊተኛውን ወንበር ቡሎኖች በቁልፍ ፈትታ፣ ወንበሩን ከሐዲዱ አንሥታ ግቢው መሃል በኬሻ ላይ አስቀመጠችው። ከመኪናው የወጣ ወንበር ሲያዩት ያሳዝናል፤ ለማን እንደተቀመጠ አይታወቅም። ሸምሰዲን እንዳሉት ከመሃል ጀመረች። የከፋዩን መሃል ከወንበሩ መሃል አስተካክላ፣ በሁለት መዳፏ ወደ ዳር እየገፋች፣ በየማዕዘኑ ስፖንጁን ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀች አለበሰችው። ገልብጣ ላስቲኩን ሳበች፣ ሜንጦውን በሽቦው ላይ አያያዘች፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። አንዱ ሜንጦ አምልጦ አውራ ጣቷን ቦጨቃት፤ ደሙን ጠብታ ከፋዩ ላይ ሳይወድቅ መጠጠችው። ሥራው ያምር ነበር። መናደድ ትፈልግ ነበር፤ ጨርቁን መቅደድ፣ ሜንጦዎቹን መርገጥ ትፈልግ ነበር። እጇ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተጀመረን ስፌት ቀጥ አድርጎ መጨረስ።

ወንበሩን መልሳ ቡሎኑን ስታጠብቅ ዓምደሚካኤል ገባ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አምስት ኪሎ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ጸጉሩን ተስተካክሎ አንገቱ ላይ ገና የዱቄት ሽታ አለ። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናቱ ሥራ ስለምትውል ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ምሳውን የምትቋጥረው፣ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ደረቷ ላይ ያስተኛችው እሷ ናት። በሾፌሩ በኩል ገብቶ ተቀመጠና ከፋዩን ወደ ላይና ወደ ታች ዳሰሰው።

«እትዬ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ይሄ እኮ የሚኒስትር መኪና ሆነ!»

ፈገግ አለች። በእጇ የያዘችውን ካቻቢቴ በጨርቅ ጠረገች።

«አባዬ ነገረኝ» አለ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «ደብረ ብርሃን ልትሄጂ ነው አሉ። ጸጥታ አማረኝ ብለሻል አለኝ። ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

ውሸቱን ልትቀበለው ትችል ነበር። ሰርጉ በሰላም ያልፋል፤ ልጁም ደስ ብሎት ያገባል።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አለችው።

«አላልሽም?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። እዚህ ከወንበሩ ሥር ተኝቼ።»

ዓምደሚካኤል መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። የቆመውን መኪና መሪ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ጥቂት አዞረ። ፊቱ ቀላ፤ አንድ ትልቅ ነገር ሊናገር የተዘጋጀ መሰላት። ይነሣል፣ አባቱን ይጠራል፣ ይቆጣል ብላ ጠበቀች።

«እና... እኛ የት እንገባለን?» አላት።

በክፋት አልነበረም። በሰባት ዓመቱ «ዝናብ ከዘነበ እንዴት እሄዳለሁ?» እያለ ይጠይቃት የነበረበት ያው ድምፅ ነው። ያኔ ሁልጊዜ መልስ ነበራት፤ ጃንጥላ፣ ጀርባዋ፣ ነጠላዋ። አሁን ከመኪናው ደጃፍ ቆማ ካቻቢቴ ይዛ ዐየችው፤ የምትሰጠው አጣች። እሱም መልሱን ሳይጠብቅ፣ ዐይኑን ሳያነሣ ከመኪናው ወርዶ፣ በሩን እንዳይጮህ ቀስ ብሎ ገጥሞ ወደ ቤት ገባ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሙሽራዋ አባት አቶ ገብረክርስቶስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። የፖስታ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ሳያወልቁ መሬቱን በከዘራቸው እየነኩ የሚሄዱ፣ በዝግታ የሚናገሩ ሰው። ስለ ተጠሪው ብዛትና ስለ ሰዓቱ የመጨረሻውን ቃል ሊለዋወጡ ነበር የመጡት። መድኃኔ ክራባቱን አስሮ በር ላይ ተቀበላቸው፤ ወደ ቤት ከማስገባቱ በፊት ግን መኪናውን ሊያሳያቸው ወደደ። አልጋነሽ ገና ዕቃዋን አልሰበሰበችም ነበር፤ ቁልፎቹን በኬሻው ላይ ትለቅማለች።

«ውብ ነው» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ፣ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ወንበሩን ዳስሰው። «የት አሰፋችሁት?»

«መርካቶ ነው የገዛነው፤ የውጭ ዕቃ ነው» አለች ከበረንዳው የወረደችው አክበረት።

አልጋነሽ አንድ ቡሎን አንሥታ ቆርቆሮ ውስጥ ጣለች። ድምፁ ሽማግሌውን አዞራቸው። በግራሶ የተበከለ ቀሚሷን፣ በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣቷን አዩ።

«እኚህስ?»

«እህቴ ናት» አለ መድኃኔ ቶሎ ብሎ። «ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ለሰርጉ ነው የመጣችው።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ዓምደሚካኤልም ጭምር፣ ይህን ሰማ። እሱ በረንዳው ላይ ቆሟል። አልጋነሽ ቀና ብላ በመጀመሪያ ያየችው እሱን ነው፤ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

«የለም፣ አባቴ» አለች ወደ ሽማግሌው ዞራ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆነባት። «የምኖረው እዚሁ ነው። ያቺ በሯ ሰማያዊ የሆነችው ክፍል የእኔ ናት።»

አቶ ገብረክርስቶስ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ክፍሏ ጠቆሙ። «ያቺ? ባለፈው ሐሙስ ያሳያችሁን? ለልጆቹ የተባለችው?»

ሐሙስ ዕለት አልጋነሽ የአባቷ መቃብር ላይ ነበረች። አልጋዋን፣ ማሽኗን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቷን ፎቶግራፍ፣ አልጋው ሥር ያለውን ጫማዋን ሁሉ አይተው፣ ተወያይተው፣ ወጥተዋል። አክበረት የነጠላዋን ጥለት ስታስተካክል፣ መድኃኔ መሬት መሬት ሲያይ ቆዩ።

«እንግዲያ ልጄ የት ልትገባ ነው?» አሉ ሽማግሌው። የጠየቁት መድኃኔን ነበር።

ጥያቄው ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። በዚህኛው ግን አልጋነሽ መልሱን አገኘችው፤ ከመጀመሪያውም አጠገባቸው ነበር።

«የአባታችን መኝታ ቤት አለ» አለች። «ከሳሎኑ ጎን፤ ሁለት መስኮት አለው። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ሰው አልተኛበትም። ቡፌና ቴሌቪዥን ነው ያለበት።»

አክበረት ጥርሷን ነክሳ «እትዬ፣ እንግዳ ፊት!» አለች።

አቶ ገብረክርስቶስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ላብ አልነበራቸውም፤ ጊዜ ለመውሰድ ነው። «ቡፌ ነፍስ የለውም፤ ቦታ ቢቀይሩት አይከፋውም» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ልጅ ግን ሰው አስወጥታ አትገባም። እንዲህ ያለ ጎጆ አይቆምም።» ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግባ እንጂ፤ የመጣንበትን ጉዳይ እንነጋገር።»

ሁሉም ገቡ። በሩ ተዘጋ። አልጋነሽን ግቢ ያላት የለም። ቁልፎቹን ለቅማ ጨረሰች፣ ኬሻውን አጠፈች፣ እጇን በላምባና በሳሙና አጥባ ወደ ክፍሏ ገባች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከሳሎን የሚመጣውን ድምፅ ለመስማት ሞከረች፤ የሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ብቻ ይሰማታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ደህና እደሩ» ተባብለው ሲለያዩ ሰማች። እራት ቀረበ፤ የሳህን ድምፅ ሰማች። ሌላ ቀን ብትዘገይ ከሁለቱ ሴቶች ልጆች አንዷ «እትዬ፣ እራት!» ብላ ትጠራታለች። ዛሬ አልተጠራችም። ከሸምሰዲን ያመጣችውን የተረፈ ዳቦ በላች።

መድኃኔ ወደ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። አልገባም፤ ደፉ ላይ ቆመ። ክራባቱን ፈትቷል።

«አዋረድሽኝ፣ እትዬ።»

«ስሜን መልስልኝ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «ተክላይ ዘንድ ሄደሽ ነበር?»

«ሄጄ ነበር። ለወንድምሽ ኪራይ ትከፍያለሽ ወይ አለኝ።»

መድኃኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ይህች ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልገውም። እጁ የበሩን መቃን ያዘ። «ምን አልሽው?»

«የአባቴ ቤት ነው አልኩት።»

ሊገባ እግሩን ያነሣ መሰላት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያጠፋ ፊቱን በግራ ትከሻው በኩል ያዞራል፤ አሁንም አዞረ። በክፍሏ ውስጥ አንድ በርጩማ ነበረች። አልጋነሽ ተቀመጥ ልትለው አሰበች፤ ግን ቃሉ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋት። እሱም ይቅርታ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚነሣ የጠፋው ይመስላል።

«ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ» አለ። «ሰባት እንሆናለን። ተክላይን እለምነዋለሁ።»

«እሺ።»

ሄደ። ከፍርሃት ይሁን ከእፍረት፣ ወይም አባታቸውን አስታውሶ፣ ልትለየው አልቻለችም። እንደሚፈርም ግን አወቀች። ስሟ ይመለሳል፤ ክፍሏም የእሷ ናት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ማሽኗ ላይ ያለውን ክር አስተካክላ፣ መብራቱን ሳታጠፋ ጋደም አለች።

ጥቂት ቆይቶ ከትልቁ ቤት ዕቃ ሲጎተት ተሰማ። ቡፌውን ሊያወጡ ነው። «ወደ ግራ! ቀስ! ቀስ!» የሚለው ዓምደሚካኤል ነው። ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ፤ አክበረት «ወይኔ ዕቃዬ!» አለች። በዚያ ቤት ዕቃ ሲነሣ አልጋነሽ ሳትጠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተነሥታ ተቀመጠች። የቡፌው የኋላ ግራ እግር የላላ ነው፤ አባቷ ወድቆበት የተሰነጠቀውን በሽቦ ጠምጥማ ያቆመችው እሷ ናት። ሲነሣ ከሥር ካልደገፉት ሊረግፍ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለተኛ ጊዜ ስትነሣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ግቢውን ተሻግራ የሳሎኑ በር ላይ ደረሰች። የእግሯ ኮቴ ሲሰማ በውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ። በሩ ገርበብ ብሎ ብርሃን ይወጣበት ነበር፤ አልገፋችውም።

«የኋላ ግራ እግሩ ላልቷል» አለች በሩን እያየች። «ከሥር ደግፉት።»

ተመልሳ ክፍሏ ስትገባ ቡፌው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አሁን በቀስታ።